ደቻቱ ሲተኛ፦ የድሬዳዋ የጉዞ ማስታወሻ

በዚህ እትም ወደ ምሥራቅ ይዘናችሁ እንጓዛለን።

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው መንገድ ደንገጎን ካለፈ በኋላ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። ጊዜው ክረምት ነበርና ደንገጎ ስንደርስ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ዝናቡ የመኪናውን ጣሪያ ይደበድበው ጀመር። ጉሙ ከፊታችን ያለውን መኪና ሸፍኖታል። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ «አቦ፣ ዛሬስ ተራራው ተቆጥቷል» አለን። ቁልቁለቱን ጨርሰን ስንወጣ ግን ሌላ ሀገር የገባን ያህል ሆነ። ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ ነው፤ አስፋልቱ ደርቋል፤ ባጃጆች ይርመሰመሳሉ፤ ሽርጥ ያገለደሙ አባቶች ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጫወታሉ። ከእኛ አንዱ እርጥብ ጃኬቱን እያወለቀ «ዝናቡን አመለጥነው» ሲል ሾፌሩ አልሳቀም። «አላመለጣችሁትም። ቀደማችሁት እንጂ እሱም እየመጣ ነው» አለ።

ይህ ጽሑፍ የተነሳው ከዚህች ንግግር ነው።

ከተማዋና ወንዟ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ ተነስቶ ወደ መሐል ሀገር የተዘረጋው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው ከግርጌው ባለው ሜዳ እንዲያልፍ ተደረገ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም እዚህ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች፤ በመጀመሪያው ዘመንም አዲስ ሐረር ትባል ነበር። ሐዲድ የሚፈልገው ደልዳላ ሜዳ ነው። ይሁን እንጂ በተራራ ግርጌ ያለውን ደልዳላ ሜዳ ማን እንደሠራው ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። የሠራው ጎርፍ ነው። በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ አሸዋና ጠጠር ከላይ እያወረደ አነጠፈው። እንግዲህ ድሬዳዋ የተቀመጠችው ጎርፍ ለራሱ ባነጠፈው አልጋ ላይ ነው ማለት ነው።

ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። በአንድ ወገን በፈረንሳዮች ቀጥ ተደርጎ የተቀየሰውና ጥላማ ዛፎች ያሉት ከዚራ አለ፤ በሌላው ወገን ገበያውና ጠባብ መንገዱ የበዛው መጋላ። ወንዝ ይባል እንጂ ደቻቱ ከዓመቱ በአብዛኛው ውሃ የለውም። ሰፊ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ግመልና ፍየል ይነዳበታል፤ ከማዶ ወዲህ የሚሻገር ሰው ድልድይ ሳይፈልግ በእግሩ ያቋርጠዋል። እንግዳ ሰው «ወንዙ የት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ «ቆመህበታል» ይሉታል። አደጋው የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። ዘወትር የሚያስፈራ ወንዝ ሰው ይጠነቀቀዋል፤ ዓመቱን ሙሉ የተኛን ወንዝ ግን ሰው ይለምደዋል።

የዚያች ሌሊት ነገር

ያረፍነው መጋላ ውስጥ ሰፈሩ ሁሉ «አዴ» እያለ በሚጠራቸው እናት ቤት ነበር። ድሬዎች «እርስዎ» የሚለውን ቃል ብዙም አይጠቀሙበትም፤ ትልቁንም ትንሹንም አንተ፣ አንቺ ይሉታል። እኛ «እንዴት አመሹ?» ስንላቸው አዴ ከት ብለው ሳቁ። «ልጆቼ፣ ስንት ሰው ነው የምታዩት? እኔ አንድ ነኝ» አሉን። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሻይና ሳምቡሳ ቀርቦ ጨዋታው ሲደምቅ ስለ ጎርፉ ጠየቅናቸው። ሳቃቸው ጠፋ። ብርጭቋቸውን አስቀምጠው እንዲህ አሉን።

«ድምፅ ሰማሁ። የጭነት ባቡር መሰለኝ። በዚህ ሰዓት ደግሞ ምን ባቡር አለ ብዬ በሩን ስከፍት ውሃው በሩ ላይ ቆሟል። ልጄ ያኔ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በጀርባዬ አዘልኩት። ጎረቤታችን ጎትቶ ጣሪያ ላይ አወጣን። ከማዶ የሚጮሁትን ሰዎች እንሰማ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ድምፃቸው ጠፋ። ወላሂ፣ ከጩኸቱ ይልቅ ዝምታው ነው እስከ ዛሬ የሚቀሰቅሰኝ።»

ያቺ ሌሊት ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም የነጋችው የእሑድ ሌሊት ነበረች። በላይኛው የሐረርጌ ደጋ የጣለው ከባድ ዝናብ ተጠራቅሞ ሰው በተኛበት ሰዓት በደቻቱ ወረደ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ወደ 10,000 የሚጠጉ ሰዎች ቤት አልባ ሆኑ። ሳምንት ያህል ቆይቶ ደግሞ በደቡብ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰዎችን ወሰደ። አላህ ሁሉንም ይዘንላቸው። ደቻቱ ከዚያ በፊትም፣ በ1973 ዓ.ም፣ ሰዎችን ገድሎ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው 25 ዓመት አንድ ትውልድ ተወልዶ አድጎ፣ አባቶቹ ያዩትን ሳያይ ቤት ለመሥራት የሚበቃበት ጊዜ ነው።

አዴ ንግግራቸውን ሲጨርሱ የተናገሩት ቃል ከአእምሯችን አልወጣም። «ተራራ ላይ ያሉት ሰዎች ዝናቡን አይተውት ነበር። እኛ ግን ተኝተናል። ማን ይንገረን?» አሉ።

ውሃው ለምን ይፈጥናል?

አብሮን የተጓዘ የግንባታ ሙያ የተማረ ወንድም ጉዳዩን እንዲህ አስረዳን። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከጀርባዋ ያሉት ጋራዎች ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። በመካከሉ ያለው ርቀት አጭር፣ ቁልቁለቱም ጽኑ ነው። ጋራው ደን ቢለብስ ኖሮ ዝናቡ በቅጠሉና በሥሩ ተይዞ ቀስ እያለ ወደ መሬት በሰረገ ነበር። የተራቆተ ቁልቁለት ላይ የወደቀ ዝናብ ግን እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ውሃ ወዲያው ይንዶለዶላል። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህም 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጥልቀት ያለው ፈጣን ጎርፍ አንድን ጎልማሳ እግሩን አስቶ ሊጥለው ይችላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር የደረሰው ደግሞ መኪና ያንሳፍፋል። ደቻቱ ደግሞ ውሃ ብቻ ይዞ አይወርድም። ድንጋይ፣ ግንድና የፈረሰ ቤት ቆርቆሮ ጭምር ይዞ ይወርዳል።

ግንቡና ልጁ

በማግሥቱ ግንቡን ያሳየን በዚያች ሌሊት በአዴ ጀርባ ታዝሎ የነበረው ልጅ ነው። ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል፤ የስልክ ጥገና ይሠራል። ሱቁን የተከራየው ከደቻቱ ግንብ ጥግ ነው። እናቱ ይህን ሥራውን አልወደዱለትም፤ በዚህም ምክንያት ከእሳቸው ጋር ዘወትር ይጨቃጨቃል። «ኪራዩ ርካሽ ነው። ደግሞ ግንብ አለ» አለን፣ ግንቡን በመዳፉ እየመታ።

እውነቱን ለመናገር ከአደጋው በኋላ ብዙ ሥራ ተሠርቷል። በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ቆሟል። ቤታቸው ለፈረሰባቸው ወገኖች ቤት ተሠርቶላቸዋል። በላይኛው ተፋሰስ እርከንና ክትር ተሠርቷል። ይህን ሁሉ መካድ አይገባም። ሆኖም በሚያዝያ 2012 ዓ.ም የወረደው ጎርፍ ግንቡ ባለበት ዘመንም ሰው ገድሎ ንብረት አውድሟል። ግንብ አደጋን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም።

የግንባታው ወንድማችን ከግንቡ ሥር ቁጭ ብሎ መሠረቱን አሳየን። ጎርፍ ግንብን ከላይ ገፍቶ ከሚጥለው ይልቅ ከሥሩ አሸዋውን ጠርጎ የሚጥለው ይበዛል። ስለዚህ በግንብ አጠገብ ለግንባታ እየተባለ አሸዋ የሚቆፈር ከሆነ ሰው የራሱን ግንብ በአካፋ እያፈረሰ ነው። ሁለተኛው የቱቦው ነገር ነው። ከየሰፈሩ የሚወርደው ውሃ ግንቡን አቋርጦ ወደ ወንዙ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ። እነዚህ በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ከተደፈኑ ውሃው መውጫ አጥቶ ወደየቤቱ ይመለሳል። ሦስተኛው፣ ከሁሉም የከፋው፣ ግንብ የሚያመጣው መዘናጋት ነው። ግንብ ሲኖር ሰው ወደ ወንዙ ይጠጋል። ሰው ሲጠጋ፣ ግንቡ አንድ ቀን የተዘለለ እንደሆነ ጉዳቱ ግንብ ከሌለበት ዘመን ይብሳል።

ልጁ ይህን ሁሉ በዝምታ አዳመጠ። ከዚያም «ታዲያ ሱቄን ዘግቼ የት ልሂድ?» ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ድሀ ሰው ወንዝ ዳር የሚሰፍረው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ሌላው ቦታ ከአቅሙ በላይ ስለሆነ ነው። የምንሰጠው መልስ ስላልነበረን ዝም አልን።

ከተራራው ላይ

በሦስተኛው ቀን ወደ ጋራው ወጣን። በቁልቁለቱ ላይ ማሽላና ጫት ይታያል፤ በየማሳው ዳር በድንጋይ የተካበ እርከን አለ። እርከን ለገበሬው አፈሩን ያስቀርለታል፤ ለከተማው ሰው ደግሞ ውሃውን ያዘገይለታል። አንድ ክትር የሚያስቀረው ውሃ ትንሽ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ክትሮች ሲደመሩ ግን ጎርፉ በአንድ ጊዜ እንዳይደርስ ያደርጋሉ። ካልተጠገኑ ግን ከጥቂት ክረምት በኋላ በደለል ይሞላሉ፤ ድንጋያቸውም ራሱ ተንዶ ከጎርፉ ጋር ይወርዳል።

አንድ አዛውንት ገበሬ እርከናቸውን ሲጠግኑ አገኘናቸውና ከታች ያለው ከተማ ያስባቸው እንደሆነ ጠየቅናቸው። ከኪሳቸው ትንሽ የእጅ ስልክ አውጥተው አሳዩን። «አማቼ መጋላ ነው። እዚህ ከባድ ሲሆን እደውልለታለሁ። ተነሱ እለዋለሁ» አሉ። አዴ «ማን ይንገረን?» ብለው ለጠየቁት ጥያቄ አንዱ መልስ በእኚህ ሰው ኪስ ውስጥ ነበር። የጎደለው ነገር ቢኖር ይህ ለአንድ አማች የሚደርሰው ወሬ ለሰፈሩ ሁሉ እንዲደርስ ማድረግ ነው።

ከሌሎች የምንማረው

ይህ የድሬዳዋ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በሊቢያ የምትገኘው ደርና እንደ ድሬዳዋ ሁሉ በደረቅ ወንዝ ለሁለት የተከፈለች ከተማ ናት። ከበላይዋ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ ሁለት ግድቦች ነበሩ። በጳጉሜን 2015 ዓ.ም ዳንኤል የተባለው ማዕበል ከባድ ዝናብ አመጣና ሁለቱም ግድቦች በሌሊት ተደረመሱ። በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከነቤታቸው ወደ ባሕር ተወሰዱ። ግድቦቹ ጥገና እንደሚያስፈልጋቸው አንድ የሀገሩ ተመራማሪ ከአንድ ዓመት በፊት ጽፎ ነበር። ጥገና የተነፈገ ግንባታ የተማመኑበትን ሰዎች ራሱ ያጠፋቸዋል።

በሌላ በኩል ባንግላዴሽን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1970 የመታት የባሕር ማዕበል ቢያንስ 300,000 ሰው ፈጀ። ከዚያ በኋላ መንግሥትና ቀይ ጨረቃ አንድ ላይ ሆነው በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞችን አደራጁ። እነዚህ ወጣቶች ባንዲራ ይሰቅላሉ፤ በድምፅ ማጉያ ይለፍፋሉ፤ ቤት ለቤት እየዞሩ ያንኳኳሉ። የመስጂዱም ድምፅ ማጉያ ለዚሁ ያገለግላል። ከፍ ባሉ ምሰሶዎች ላይ የቆሙ መጠለያዎች ተሠሩ፤ ብዙዎቹ በአዘቦቱ ቀን ትምህርት ቤቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሲድር የተባለው ኃይለኛ ማዕበል ሲመታ የሞተው ሰው ወደ 3,400 ገደማ ነበር። በ2020 አምፋን ሲመጣ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው አስቀድሞ ወደ መጠለያ ስለገባ የሟቾች ቁጥር በአሥሮች የሚቆጠር ሆነ። ባንግላዴሽ ሀብታም ሀገር አልነበረችም። ባሕሩም አልተለወጠም። የተለወጠው የሰዉ ዝግጅት ነው።

ቀደር ነው ብሎ መቀመጥ

በጉዟችን «ከአላህ የመጣ ነው፤ ምን ማድረግ ይቻላል?» የሚሉ ወገኖች ገጥመውናል። በቀደር ማመን ኢማናችን ነው። ነገር ግን ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቀው ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሰጡትን መልስ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ነቢዩ ዩሱፍም (ዐ.ሰ) ድርቅ እንደሚመጣ ባወቁ ጊዜ በጥጋቡ ሰባት ዓመት እህል አከማቹ እንጂ እጃቸውን አጣጥፈው አልጠበቁም። ግመል በሚነዳበት በደቻቱ አሸዋ ላይ ቆመን ስናስበው፣ ግንቡም እርከኑም የገበሬው ስልክም ግመል ማሰሪያ ገመዶች ናቸው። ገመዱን አስሮ በአላህ መመካት የሙእሚን ወግ ነው።

የመጨረሻዋ ሌሊት

ልንመለስ በነበርንበት ዋዜማ ሌሊት የበር ኳኳታ ቀሰቀሰን። ከተማው ላይ አንድ ጠብታ የለም። በደንገጎ በኩል ግን መብረቁ ሰማዩን ይቀድደዋል። አዴ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ የእጅ ባትሪ ይዘው ቆመዋል። «ላይ እየጣለ ነው፤ ተነሱ» አሉን። ወጥተን ስናይ እኛን ብቻ አይደለም የቀሰቀሱት። በሰፈሩ ካሉት በሮች አንዱንም ሳያልፉ እያንኳኩ ነበር። አንዱ ጎረቤት «አዴ፣ ባለፈው ሳምንትም ቀስቅሰሽን ምንም አልመጣ» ብሎ አጉረመረመ። «አልሐምዱሊላህ በል። የሚቀጥለውም ሳምንት እቀሰቅስሃለሁ» ብለው መለሱለት።

ልጃቸውም ከሱቁ መጣ። በአንድ እጁ የደንበኞቹን ስልኮች በከረጢት ይዟል፤ በሌላው እጁ ሱቁ አጠገብ የሚያድሩ አንድ ዓይነ ስውር አባት ይዞ ይመራቸዋል። ከፍ ወዳለው ስፍራ ሄደን ቆምን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያ እናታቸው የነገሩን ድምፅ መጣ፤ ከሩቅ፣ እንደ ጭነት ባቡር። ደቻቱ ነቅቷል። ውሃው የግንቡን ግማሽ እንኳ ሳይደርስ እያጉረመረመ አለፈ። ማንም አልተጎዳም። የሱብሒ አዛን ሲሰማ አንደኛው ጎረቤት ውዱእ እያደረገ «ለከንቱ ተነሳን» አለ። አዴም «ለሱብሒ ተነሳህ፤ ምን ከንቱ አለው?» አሉት። ሁሉም ሳቀ።

ልጁ ሱቁን ይልቀቅ አይልቀቅ ስንመለስ ገና አልወሰነም ነበር። ነገር ግን በዚያኑ ጠዋት ከፍ ወዳለው ሰፈር የሚከራይ ክፍል እንዳለ ጓደኞቹን ሲጠይቅ ሰምተነዋል።

ለቤተሰብና ለወጣቶች

ውድ አንባቢያን፣ ሁላችሁም በድሬዳዋ አትኖሩም። ደረቅ ወንዝ፣ የተራቆተ ጋራ ወይም የተደፈነ ቱቦ የሌለበት ከተማ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ከጉዟችን የቀሰምነውን በአጭሩ እናስቀምጥላችሁ።

አንደኛ፣ ክረምት ሳይገባ ቤተሰቡ ተቀምጦ ይማከር። ሌሊት ጎርፍ ቢመጣ በየት በኩል ይወጣል? የት ይገናኛል? ሕፃናትንና አዛውንትን ማን ይይዛል? ሁለተኛ፣ መታወቂያ፣ የቤት ካርታና የትምህርት ማስረጃ በአንድ ላስቲክ ተጠቅልሎ እጅ በሚደርስበት ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ወጣቶች የመስጂዱን ጀመዓ አስተባብረው ከክረምት በፊት የሰፈሩን ቱቦ ይጥረጉ፤ ቆሻሻ ወንዝ ውስጥ የሚጥለውን በመልካም አንደበት ይምከሩ። አራተኛ፣ ከላይ ካለው ሀገር ደውሎ የሚነግራችሁ ሰው ይኑራችሁ፤ መስጂዱም ወሬው ሲደርሰው በድምፅ ማጉያው የሚያስተላልፍበትን መንገድ ከሚመለከታቸው ጋር አስቀድሞ ይስማማ። አምስተኛ፣ የሚፈስ ጎርፍ ጥልቀቱ ትንሽ ቢመስልም በእግርም በመኪናም አይሞከር። በመጨረሻም፣ በየሰፈሩ ዓይነ ስውሩን፣ አቅመ ደካማውንና ብቻዋን የምትኖረውን እናት ማን እንደሚቀሰቅስ ከወዲሁ ይታወቅ።

ግንብ ለመሥራት ገንዘብና ባለሙያ ያስፈልጋል። የጎረቤትን በር ለማንኳኳት ግን የሚያስፈልገው መንቃት ብቻ ነው። አላህ ሀገራችንን ከአደጋ ይጠብቅልን፤ የሞቱትን ይማርልን፤ የቀረነውን ደግሞ ሳንዘናጋ እርስ በርስ የምንቀሳቀስ ጎረቤታሞች ያድርገን። አሚን።